ፊቷን ያላዞረችው ሴት

አባቴ ሌላ ሚስት እንዳለችው ያወቅኩት የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ ነው። ሴትየዋ ፊት አልነበራትም፤ ጀርባ ብቻ ነበረች።

የምትኖረው ቡታጅራ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ በአባቴ የታፔላ ሱቅ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ ነበር። አባቴን ኃይሌን ከተማው ሁሉ «ሰዓሊው» ይለዋል። አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ ሲማር አባቱ ሞቱበትና ትምህርቱን አቋርጦ ቤተሰቡን ሊረዳ የተመለሰ ሰው ነው። የፀጉር ቤቱ ጎፈሬያም ጎረምሳ፣ የሥጋ ቤቱ ሰንጋ፣ የጫማ መደብሩ የሚያብለጨልጭ ጫማ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ናቸው። የዶሮ ላባ እንኳ አንድ በአንድ ነው የሚስለው። መንገደኛ ቆም ብሎ «ኧረ ይቺ ዶሮ ልትጮህ ነው!» ሲል፣ እኔ እዚያው የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ በኩራት እነፋ ነበር።

ከበሩ ኋላ ያለችው ግን ሌላ ነበረች። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ፣ በተራ የምድጃ ከሰል፣ በጥቂት መስመር የተሳለች ሴት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጥታናለች። መስመሩ ከማጅራቷ ወፈር ብሎ ይጀምርና ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ሊቀድ ምንም እስከማይቀረው ይጫናል። ከዚያ በጀርባዋ ቁልቁል እየቀጠነ ይወርድና ወገቧ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ዳሌዋ ላይ እንደገና ብቅ ብሎ መሬቱ ላይ ዘጭ ይላል። የሻሿ ቋጠሮ አንድ ጥምዝ ብቻ ነው። ከቀኝ ትከሻዋ አጠገብ ደግሞ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ አንዲት አጭር ጎባጣ መስመር አለች፤ አባቴን እጁን ያዳለጠው ይመስለኝ ነበር።

ደንበኛ ሁሉ «ሰዓሊው፣ ይቺን መቼ ነው የምትጨርሳት?» ይለዋል።

«አልቃለች» ይላል አባቴ፣ ዓይኑን ከብሩሹ ሳያነሳ።

«ፊት የላትም እኮ!»

«ዞራ ነዋ።»

ማን እንደሆነች ስጠይቀው «ሰው ናት» ብሎ ወደ ብሩሹ ተመለሰ። እናቴ እንዳልሆነች ግን እርግጠኛ ነበርኩ። እናቴ ወርቅውሃ የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባው ድምፅዋ ነው። ደልደል ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋም ሆዷም ጉትቻዋም አብረው የሚስቁ ሴት። ዝም ብላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። የወረቀቷ ሴት ቀጭን ናት። ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቧ ያለፈ አትመስልም።

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴና እትዬ ባሂራ ሲያወሩ ባልሰማ ኖሮ ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር። እትዬ ባሂራ ከሱቃችን ጎን ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ቀጠን ያለች፣ ሰው የማታስቀይም፣ ሳትስቅ የምታስቅ። እናቴ በርበሬ እየቀነጠሰች፣ እሷ ከጎኗ ተቀምጣ፣ እኔ ጆንያው ኋላ ነበርኩ።

«እስካሁን አላነሳትም?» አለች እትዬ ባሂራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ተያት፣ ትኑር» አለች እናቴ።

«አንቺን አይከብድሽም? በወጣሽ በገባሽ ቁጥር…»

«ለመድኳት እኮ ባሂራ። ኃይሌ እሷን ሳያይ ሱቁን ዘግቶ አይመጣም። አንዴ አንስቶ ደብቋት አልነበር? እህል አልወረደለትም።»

«አላህ ያጽናችሁ» አለች እትዬ ባሂራ።

እናቴ በርበሬው ዓይኗ የገባ ይመስል በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

ጣውንት የሚባለውን ቃል ያወቅኩት በዚያው ሰሞን ነበር። የክፍሌ ልጅ ሩፋይዳ ሁለት እናቶች ነበሯት። ለዒድ ሁለት ቀሚስ ስለምታገኝ ክፍሉ ሁሉ ይቀናባት ነበር። እኔም ባሰብኩት ጊዜ መጀመሪያ የታየኝ ሁለተኛው ቀሚስ ነው፤ አልዋሽም። ግን የሩፋይዳ እናቶች በግልጽ ነው የሚኖሩት፤ ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር ያውቃቸዋል። የእናቴ ጣውንት ከበር ኋላ የምትኖር፣ በሹክሹክታ የምትነሳ ናት። እናቴ «ለመድኳት» ብላ ዓይኗን የጠረገችባትን ሴት ፈልጌ ማግኘት የእኔ ሥራ እንደሆነ ወሰንኩ።

ፊት የሌላት ሰው የምትፈለገው በጀርባዋ ነው። በገበያ ቀን በእናቴ መደብ አጠገብ ተቀምጬ የሴት ጀርባ ማየት ጀመርኩ። ቆጮ የተሸከመች ሴት ክብደቱ ሁሉ ማጅራቷ ላይ አርፎ አገጯን ወደፊት ይገፋዋል። ልጅ ያዘለች ሴት ቆማም እንኳ አትቆምም፤ ወገቧ እሹሩሩ ይላል። የምትከራከር ሴት ጀርባዋ እንደ ምሰሶ ቀጥ ይላል፤ ዋጋውን ስትዋሽ ደግሞ አንድ ትከሻዋ ብቻ ከፍ ይላል። ይሄን ለእናቴ ብነግራት ትጠቀምበት ነበር። የማስታውሰው እንዳይጠፋብኝ ከሰል ይዤ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ እስላቸው ጀመር፤ ሱቅ ወስጄ ከወረቀቷ ሴት ጋር አስተያያቸዋለሁ።

አንድ ቀን አባቴ ከኋላዬ ቆሞ አየኝ። ጣውንት እያደንኩ መሆኔን በምን ያውቃል? ሥዕል የወደድኩ መሰለውና ፊቱ በራ።

«ሲና፣ ይቺ ማናት?»

«ቆጮ ተሸካሚ።»

«ከብዷታል?»

«በጣም።»

«የታለ ታዲያ ክብደቱ? መስመርሽ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ልብስ ማስጫ ሽቦ።» ከሰሉን ተቀበለኝ። ማጅራቷ ላይ ጫን አለ፤ ከሰሉ ሲሰባበር ሰማሁት። ከዚያ እጁን አላላውና መስመሩ በጀርባዋ ላይ እንደ ትንፋሽ ወረደ። በአንድ ጊዜ ሴትየዋ ተሸከመች። ሸክሙን አልሳለውም፤ ግን እዚያ ነበረ።

«የሚያማት ቦታ ስትደርሺ ተጫኚ፤ የሚቀላት ቦታ ልቀቂ። መስመር እንደ ድምፅ ነው፤ ከፍም ዝቅም ይላል። ሁሉን ቃል እየጮኸ የሚያወራ ሰው ታውቂያለሽ?»

«እማዬ!»

ሳቀ። «እሷም የምትንሾካሾከው አላት።»

ወደ በሩ ኋላ አመለከትኩ። «የእሷ ወገቧ ላይ መስመሩ ለምን ጠፋ?»

«እዚያ ያንቺ ዓይን ይቀጥለዋል። እኔ ሁሉን ከጨረስኩት አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ታፔላው ላይስ ለምን እንዲህ አትስልም?»

«ታፔላ ለሚያልፍ ሰው ነው» አለ። «ይሄ ለሚቆም ሰው ነው።»

ዛሬ ወልቂጤ የሥዕል መምህርት ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ የነገርኳቸው ነገር የለም። ያን ቀን ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። መጫንና መልቀቅን ስላወቅኩ አሁን ሴትየዋን በቀላሉ የማገኛት ነው የመሰለኝ።

አገኘኋትም። አባቴ ለምሳ ወጥቶ ሱቁን እንድጠብቅ እየሄድኩ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ እትዬ ባሂራ ወረቀቷ ፊት ቆማለች፤ ጀርባዋ ለእኔ። ያው ጠባብ ትከሻ፣ ያው ያዘነበለ አንገት። በጣቷ ያቺን አባቴን እጁን ያዳለጠው የመሰለኝን መስመር እየዳሰሰች፣ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእትዬ ባሂራ ጋር ጦርነት ገባሁ፤ እሷ ባታውቀውም። ረመዳን ነበር። ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ እንደወትሮው ሳምቡሳ በሰሃን ይዛ ስትመጣ፣ ሽታው አንጀቴን እየበላው «ጠግቤያለሁ» አልኳት። ሰላም ስትለኝ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ጀርባ ምን ያህል እንደሚናገር አውቃለሁና ትከሻዬን በደንብ አደነደንኩት።

«ወርቅውሃ፣ ልጅሽን ምን አደረግኋት?» ስትል ሰማኋት።

«ተያት፣ ጥርሷ እየተነቀለ ነው፤ ያበሳጫታል» አለች እናቴ።

ጊዜው የእኛ ሚሊኒየም የሚከበርበት መስከረም ነበር። ከተማው ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ባጃጆች መብራት ያንጠለጥላሉ። ለአባቴ ግን መጥፎ ዘመን ነበር። ከአዲስ አበባ በማሽን የታተመ ባነር መምጣት ጀምሯል፤ ፎቶ የመሰለ፣ በአንድ ቀን የሚደርስ። የፀጉር ቤቱ ጎፈሬያም ጎረምሳ ወርዶ በእሱ ቦታ ማንም የማያውቀው የውጭ ሰው ፈገግ አለ። አባቴ ብሩሾቹን አጥቦ መልሶ ያጥባቸው ነበር።

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር የመጡት እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው። አስፋልቱ ዳር አዲስ ሆቴል አሠርተው ለመስቀል ሊከፍቱ የተጣደፉ፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ግድግዳ የሚያክል ታፔላ ፈለጉ፤ ያውም በእጅ የተሳለ።

«ባነሩን ሁሉም ለጠፈው፤ እኔ የተለየ ነው የምፈልገው» አሉና ዞር ሲሉ ዓይናቸው ከበሩ ኋላ አረፈ። «ይቺ! ይቺ ቀጭን ዘንጋዳ መሳይ! አዙራት፤ ፊት ስጣት፤ ፈገግ ትበል፤ ትሪ አሲዛት። በቃ፣ ሥራው ያንተ ነው።»

አባቴ ብሩሹን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው። «የእኔ ብቻ አይደለችም ጋሼ» አለ። «ባለቤቷን ልጠይቅ።»

እኔ ነኝ እናቴን እንድጠራ የተላክሁት። እናቴ እጇ በርበሬ እንደሆነ መጣች፤ እትዬ ባሂራም ነገር ያለ መስሏት ሱቋን ትታ ተከተለቻት።

«ወርቄ» አለ አባቴ፤ ዓይኗን አላያትም። «ጋሼ ይቺን ለሆቴላቸው ፈልገዋታል። ፊቷን አዙሬ።»

እናቴ አፏን ከፍታ ምንም ሳይወጣት ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ ባሂራ ክንዷን ያዘቻት። ክንዷን! እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ይውሰዷት!» ብዬ ጮህኩ። «ሆቴል ትሂድ! ትሂድልን!»

«ማን ትሂድ?» አለች እናቴ።

«እሷ! ጣውንትሽ!» እጄን ወደ እትዬ ባሂራ ቀሰርኩ። «ሁሉንም አውቃለሁ! ጀርባዋን አውቀዋለሁ!»

የባጃጅ ጥሩምባ እንኳ የቆመ መሰለኝ። እትዬ ባሂራ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን በሻርፗ ያዘች። የአባቴ ፊት ቀላ። ከዚያ የእናቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ሳቋ ፈነዳ። ግድግዳ ይዛ ሳቀች፤ በበርበሬ እጇ እንባዋን ልትጠርግ ስትል ጋሽ ገብረእግዚአብሔር እጇን ያዙላት።

«ኃይሌ፣ ሳትነግረኝ ስታገባ!»

«ለእኔስ ማን ነገረኝ?» አለች እትዬ ባሂራ፣ ሳትስቅ። «ጥሎሼን ማን በላው?»

ሳቁ ሲበርድ እናቴ በርጩማውን በእግሯ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች። «ነይ፣ አባትሽ አጠገብ ቁሚና እዪ» አለችኝ። እትዬ ባሂራም ሳትጠራ ሄዳ ከቀኟ ቁጭ አለችና ትከሻዋን አስጠጋች።

ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ያየሁት የማውቀውን ሰፊ ጀርባ ነው። ከዚያ እናቴ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ሳቁ ከትከሻዋ ወርዶ አለቀ፤ ክብደቱም መጣ፣ ያው ቦታ፣ ከሰሉ ወረቀቱን ሊቀድ የደረሰበት ቦታ ላይ። ሰውነቷ ሌላ ሆኖ መስመሯ ያው ነበር። ከየት እንደመጣች የማትታወቀው ጎባጣ መስመር ደግሞ የእትዬ ባሂራ ትከሻ ነበረች።

«ያኔ ቀጭን ነበርሽ?» አልኩ።

«ቀጭን ነበርኩ።»

«ምን እያደረጋችሁ ነበር?»

ትልልቆቹ ተያዩ። «ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር» አለች እናቴ ግድግዳውን እያየች። «ሰው ሁሉ መጥቶልን። ደክሞኝ ቁጭ አልኩ።»

ድግስ መሰለኝ። ለዓመታት ሳስበው የኖርኩት የመስቀል ድግስ ነበር፤ ክትፎ የተከተፈበት፣ እናቴና እትዬ ባሂራ እንግዳ አስተናግደው ደክሟቸው የተቀመጡበት። ለቅሶ እንደነበረ ያወቅኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ከእኔ በፊት እህት ነበረችኝ፤ መራመድ እንደጀመረች ኩፍኝ ነጠቃቸው። ሥዕሉ የተሳለው ቀብረዋት በተመለሱ ዕለት ነው። እናቴ «ለመድኳት» ያለችው ሥዕሏን ይሁን ሐዘኗን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ግን ወዲያው ገብቷቸው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። «ይቅር፣ ይቅር» አሉ። «አላወቅኩም። ይቅር።»

«ምኑ ነው የሚቀረው?» እናቴ ተነሳች፤ ስትነሳ የድሮዋ እናቴ ሆነች። «ያቺ ትቀመጥ። ኃይሌ፣ እኔን ሳለኝ። አሁን እንዳለሁ።»

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «እ… እኔ እንኳ ቀጠን ያለች ነበር…»

«ቀጭን ሴት ያቀረበችውን ምግብ ማን ያምናል ጋሼ? የራበው ሰው እኔን ነው የሚከተለው!»

አባቴ ታፔላውን ሲስል እኔ ቀለም አማስል ነበር። ቆርቆሮውን ነጭ ቀባው፤ ከዚያ ወፍራሙን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሮ እዚያው የቆምንበት ጀመረ። ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ መስመር ከአንገቷ ተነስቶ፣ ወደ ኋላ በተጣለው ራሷ ዞሮ፣ በደረቷ ላይ ተንደርድሮ፣ ሆዷ ላይ አብጦ፣ የክትፎ ጣባ ባነሳው ክንዷ ጫፍ ላይ ቀጥኖ አለቀ። አፏን በአንድ ምት ከፈተላት። ጉትቻዋ በአየር ላይ ነበረ። ወደ ኋላ ሄዶ አየና ብሩሹን አስቀመጠ።

ታፔላው በተሰቀለበት ቀን ጋሽ ገብረእግዚአብሔር አንጋጠው ቆሙ። «መቼ ነው የምትጨርሳት?» አሉ በጭንቀት።

አባቴ ሳይመልስ ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ደረሰና ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ። «ኧረ ወርቅውሃ! ወርቅውሃን ሰቅለዋታል!» ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አወጣ። ገበያተኛው ቆመ፤ ጋሪውም ቆመ። አንዲት የቆጮ ነጋዴ «ሳቋ ይሰማኛል!» ብላ ጆሮዋን ያዘች። እናቴ አስፋልቱ ማዶ ቆማ አየች፤ አየችና በታፔላው ላይ እንዳለችው ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲስቁ አባቴ የትኛዋን እንደሚያይ ግራ ገባው።

ያን ሆቴል በስሙ የጠራው ሰው የለም። «ሳቂታዋ ጋ» ተብሎ ቀረ፤ ባጃጆቹም «ሳቂታዋ! ሳቂታዋ!» እያሉ ይጭኑ ነበር። አባቴ በዚያ ምክንያት ጥቂት ዓመት ሥራ አልጠፋበትም። ባነሩ በመጨረሻ አሸነፈ፤ ማንም ያቆመው የለም። ሳቂታዋም መንገዱ ሲሰፋ ወረደች።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ከአርባው በኋላ እኔና እናቴ ሱቁን ልናስረክብ ዕቃውን እንሰበስብ ነበር። እትዬ ባሂራ ካርቶን ልታመጣልን ወጥታለች። ከበሩ ኋላ ያለችውን ወረቀት ከግድግዳው ሳላቅቅ፣ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነሳው ነገር ትዝ አለኝ፤ የሚሳለው ሰው መሳሉን ካወቀ ሰውነቱ ይቆጠባል፣ መስመሩ ይደርቃል እላቸዋለሁ። ይሄ መስመር ግን ምንም አልተቆጠበም።

«እማዬ፣ አባዬ ሲስልሽ አላወቅሽም፣ አይደል?»

«አውቄያለሁ እንጂ።» የቀለም ጣሳ እየጠረገች ነበር። «ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። እሱን ‹ጠንከር በል፣ የምታጽናናት አንተ ነህ› ይሉታል፤ እንባውን እንኳ የሚያፈስበት ቦታ አጣ። ሾልኮ ገባና ከኋላዬ ቆመ። ከሰሉ ወረቀቱ ላይ ሲፋቅ ይሰማኛል። ልዞር ስል ባሂራ ‹ተይው፣ አትዙሪ› አለችኝ በጆሮዬ።»

«እና ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ?»

«እግሬ እስኪደነዝዝ።» ጣሳውን አስቀመጠችና ጨርቁን አጣጥፋ ያዘች። «ብነሳ፣ ያ ሰው ሐዘኑን ምን ላይ ያሳርፈው ነበር?»